የመገናኛ ሬዲዮ አመራረጥ ለውሃ ተጠቃሚ ማኅበራትና ለጀማሪዎች

ይህ የሥልጠና ጽሑፍ በአዳማ፣ በቦሰት፣ በሉሜ፣ በዱግዳና በአዳሚ ቱሉ አካባቢ በመስኖ ለሚያለሙ አርሶ አደሮች፣ ለውሃ ተጠቃሚ ማኅበራት ኮሚቴዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። በየሥልጠናው መጨረሻ «ሌላ ጥያቄ ያለው?» ሲባል ከሚነሱት አንዱ የእጅ ሬዲዮ ጉዳይ ሆኗል። ፖሊስና የሆቴል ጥበቃ ይዘውት የምናየውን ዓይነት ሬዲዮ ለውሃ ጠባቂው፣ ለፓምፑ ኦፕሬተርና ለማኅበሩ ሰብሳቢ ብንገዛ የትኛው ይሻላል? ምን ያህል ርቀት ይደርሳል? ተብሎ ይጠየቃል። እኔ የእርሻ ባለሙያ እንጂ የሬዲዮ መሐንዲስ አይደለሁም። ሆኖም ጥያቄው የመጣው ከደረሰ ጉዳት ስለሆነ የሙያውን ሰዎች ጠይቄ፣ በመስክም ሞክሬ ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቅርቤያለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የጥር ሌሊት ነው። እኔ በምከታተለው አንድ ቀበሌ የዋናው ቦይ ጠርዝ ተሸርሽሮ ተናደ። የአካባቢው ጠባቂ ወዲያው አይቷል። ውሃው የሚዘጋበት በር ግን ከእሱ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ነው፤ የበሩ ጠባቂ ስልክ ደግሞ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል። ሰውየው በጨለማ ሮጦ በሩን እስኪያስዘጋ ድረስ፣ ለመነቀል ሁለት ሳምንት የቀረው ወደ አንድ ሄክታር የሚጠጋ ሽንኩርት ውሃ ተኝቶበት አደረ። ሽንኩርት በዚያ ጊዜ ውሃ ሲተኛበት ምን እንደሚሆን ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ማሳው የሦስት ቤተሰቦች ነበር፤ ሦስቱም የማዳበሪያና የዘር ብድር አለባቸው።

ማኅበሩ በሳምንቱ ተሰብስቦ ገንዘብ አዋጣ፤ ሁለት ሰው ወደ ከተማ ልኮም ስድስት የእጅ ሬዲዮ አስገዛ። ሻጩ «እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይሠራል» ብሏቸዋል፤ ካርቶኑም ላይ እንደዚያው ተጽፏል። ሱቁ ውስጥ ከአንድ ዓይነት ሁለት ሁለት ብቻ ስለነበረ ስድስቱ ሬዲዮዎች የሦስት ዓይነት ሆኑ። ሁለቱ ከአራቱ ጋር ፈጽሞ አይነጋገሩም። አራቱም ቢሆኑ በቆሎና ሸንኮራ ባለበት ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ድምፃቸው ይቆራረጥ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ጠባቂ ሬዲዮውን በወገቡ አንጠልጥሎ ገበያ ሲሄድ ፍተሻ ላይ ተያዘ። የሚያሳየው ወረቀት አልነበረም። እሱ በማግሥቱ ተለቀቀ፤ ሬዲዮው ግን አልተመለሰም፤ የቀሩትንም አምስት ማኅበሩ ፈርቶ አስረከበ።

ይህን ያነሳሁት ማኅበሩን ለመውቀስ አይደለም። በዚያ ስብሰባ ላይ ተቀምጠው «ጥሩ ሐሳብ ነው» ካሉት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ስህተቱ ሬዲዮ መፈለጋቸው አልነበረም፤ ዕቃው ቀድሞ ሌላው ሁሉ ኋላ መምጣቱ ነው።

በቅድሚያ፦ ሬዲዮ ያስፈልገናል?

ስልክ አንድን ሰው ከአንድ ሰው ጋር ያገናኛል። ቁጥር መፈለግ፣ መደወል፣ እስኪነሳ መጠበቅ አለ። በመገናኛ ሬዲዮ ግን ቁልፉን ተጭኖ የሚናገረውን ሰው በዚያ ቻናል ላይ ያሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰሙታል። የስልክ ማማ መብራት ቢያጣ፣ ኔትወርክ ቢጨናነቅም ሬዲዮው ይሠራል፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል የሌላ ድርጅት መሣሪያ የለምና። ስለሆነም ሬዲዮ ዋጋውን የሚያወጣው ጥቂት ሰዎች በአንድ አካባቢ ሆነው አጭር መልእክት በተደጋጋሚ ሲለዋወጡና መልእክቱ በደቂቃዎች ውስጥ መድረስ ሲኖርበት ነው።

የመስኖ ቦይ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። የአዋሽ ዳርቻም እንዲሁ። በነሐሴና በመስከረም ቆቃ ሞልቶ ውሃ ሲለቀቅ ከግድቡ በታች ያለ አርሶ አደር ፓምፑን ከወንዙ ዳር ለማንሳትና ከብቱን ለማራቅ ያለው ጊዜ አጭር ነው። በ2012 ክረምት ማብቂያ ላይ አዋሽ ሞልቶ በተለይ በታችኛው ተፋሰስ በአፋር ክልል ብዙ ሺህ ሰዎችን እንዳፈናቀለ እናስታውሳለን። በእንዲህ ያለ ቀን «ውሃው እየመጣ ነው» የሚለውን ለሃያ ሰው አንድ በአንድ መደወልና አንድ ጊዜ ተናግሮ ሃያውን ማሰማት ልዩነቱ ብዙ ነው።

በአንጻሩ የአዳማን የቲማቲም ዋጋ ለመጠየቅ፣ ከደላላ ጋር ለመነጋገር ወይም ባጃጅ ለመጥራት ከሆነ ሬዲዮ አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል። የሰብል ምክር ለማግኘትም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በ8028 የስልክ መስመር የሚሰጥ አገልግሎት አለ። ሁለት ሰዎች ብቻ ከሆኑና ኔትወርክ በደንብ ከያዘ ደግሞ ባትሪያቸው ቀናት የሚቆይ ሁለት ተራ ስልኮች ከስድስት ሬዲዮ ይሻላሉ። ይህን ለኮሚቴ ስናገር ብዙ ጊዜ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ሬዲዮ መያዝ ማዕረግ ያለው ይመስላልና።

ፈቃድ ከዕቃው ይቀድማል

የሬዲዮ ሞገድ እንደ መስኖ ውሃ ነው። ሁሉም በፈለገው ሰዓት በሩን ከከፈተ ለማንም አይደርስም። ስለዚህ ማን በየትኛው ፍሪኩዌንሲ፣ በምን ያህል ኃይል፣ የት ቦታ እንደሚጠቀም የሚደለድል አካል አለ። በሀገራችን ይህ አካል በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከዚያ በፊት በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ ፈቃድ የሚያስፈልገውን የቴሌኮም መሣሪያ ያለፈቃድ ወደ ሀገር ማስገባትን፣ መሸጥን፣ መጠቀምንና ይዞ መገኘትን በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። «ይዞ መገኘት» የሚለው ቃል ልብ ይባል። ሬዲዮው ጠፍቶ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥም ከተጠያቂነት አያድንም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው «ሱቅ ውስጥ በግልጽ ከተሸጠ ተፈቅዷል ማለት ነው» የሚለው ነው። የሻጩ ደረሰኝ የገንዘብ ማስረጃ እንጂ የሞገድ ፈቃድ አይደለም። ሌላው ከውጭ የሚላክ ስጦታ ነው። አውሮፓ ያለ ዘመድ በሻንጣ ሁለት ትናንሽ ሬዲዮ ይዞ ይመጣል፤ «እዚያ ማንም ፈቃድ አይጠይቅም» ይላል። ለራሱ አገር እውነቱን ነው። በአውሮፓ በ446 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ግማሽ ዋት ኃይል ያላቸው ሬዲዮዎች ለሕዝብ የተፈቀዱ ናቸው፤ በአሜሪካም በ462 እና በ467 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ተመሳሳይ አሠራር አለ። የአንዱ አገር ነፃ ሞገድ ግን በሌላው አገር ለሌላ ሥራ የተመደበ ሊሆን ይችላል፤ የእነሱ ነፃነት ቦሌ ጉምሩክ ላይ አብሮ አይገባም።

ማመልከቻውን ማቅረብ ያለበት ማኅበሩ እንጂ ግለሰብ ባይሆን ይመረጣል። በመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘ ማኅበር በራሱ ስም ማመልከት፣ ውል መግባትና ንብረት መያዝ ይችላል። ሰብሳቢው ቢቀየርም ፈቃዱ ከማኅበሩ ጋር ይቆያል። ከመሄዳችን በፊት የማኅበሩን የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የወረዳውን የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሚፈለገውን የሬዲዮ ብዛት፣ ሬዲዮዎቹ የሚሠሩበትን ቀበሌና የቦይ ርዝመት፣ ቋሚ አንቴና የሚኖር ከሆነ የሚቆምበትን ቦታና ከፍታ በአንድ ገጽ ጽፈን ብንይዝ ሥራው ይቃለላል። ለባለሥልጣኑ የሚቀርበው ጥያቄ «እኛ ይህን ሥራ እንሠራለን፤ ለዚህ ምን ዓይነት ፈቃድና የትኛው ፍሪኩዌንሲ ይሰጠናል?» የሚል ይሁን። ክፍያውንና የዕድሳት ጊዜውንም በጽሑፍ ጠይቁ። ልትገዙት ያሰባችሁት ሞዴል የዓይነት ማረጋገጫ፣ በተለምዶ «ታይፕ አፕሩቫል» የሚባለው፣ እንዳለው ማጣራት ያለባችሁም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ነው። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ኮፒው በማኅበሩ ማኅተም ተረጋግጦ ከእያንዳንዱ ሬዲዮ ጋር በላስቲክ ታሽጎ ይያዝ። ቀበሌውና የአካባቢው ፖሊስ ስንት ሬዲዮ፣ በማን እጅ እንዳለ በደብዳቤ ይወቁት። በአካባቢያችን ካለው የጸጥታ ጥንቃቄ አንጻር በሌሊት ሬዲዮ ይዞ የተገኘ ሰው መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱ በኪሱ ሊኖር ይገባል።

ርቀትን የሚወስነው ከፍታ ነው

«ስንት ኪሎ ሜትር ይደርሳል?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «አንቴናው የት ቆሟል?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው። የእጅ ሬዲዮ የሚጠቀምበት ሞገድ እንደ ብርሃን በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ይጓዛል። ኮረብታ አያልፍም፤ ምድርም ራሷ ክብ ስለሆነች በሜዳ ላይ እንኳ ከተወሰነ ርቀት በኋላ ትጋርደዋለች።

ከሞጆ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ኮረብታው ላይ የቆሙትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከሩቅ ያያቸዋል። በዚያው ርቀት ላይ መሬት ላይ የቆመን ሰው ግን አያይም። የሬዲዮ አንቴናም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው ሬዲዮውን አፉ አጠገብ ሲይዝ አንቴናው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከዚያ ከፍታ ሞገዱ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ የሚያየው አድማስ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንቴናው 9 ሜትር ላይ ከወጣ አድማሱ ወደ 12 ኪሎ ሜትር፣ 16 ሜትር ላይ ከወጣ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ከአካባቢው 100 ሜትር ከፍ ባለ ኮረብታ ላይ ከቆመ 40 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የሁለቱ ተነጋጋሪዎች አድማስ ይደመራል። ሁለት ሰዎች በእጅ ሬዲዮ ባዶ ሜዳ ላይ ቢነጋገሩ 5 እና 5 ተደምሮ 10 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። ይህም በወረቀት ላይ ነው። በቆሎ፣ ሸንኮራ፣ የፍራፍሬ ዛፍና ቤት በመካከል ሲገባ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ቢገኝ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው 20 ኪሎ ሜትር ምናልባት ከተራራ ወደ ተራራ ሲሆን ነው።

ታዲያ ኃይሉን ብንጨምርስ? የ5 ዋት ሬዲዮ ትተን የ10 ዋት ብንገዛ በድካም ይሰማ የነበረው ድምፅ ትንሽ ይጠራል፤ የምድርን ጉብታ ግን አያስጎነብስም። ባትሪውም በግማሽ ጊዜ ያልቃል። አንድ ማኅበር ለስድስት ኃይለኛ ሬዲዮ የሚያወጣውን ልዩነት ዘጠኝ ሜትር የብረት ምሰሶ ላይ ለሚቆም አንድ ጥሩ አንቴና ቢያውለው ይሻለዋል።

የመሬቱ አቀማመጥም ይለያያል። ከመቂ እስከ ባቱ፣ በደምበል ሐይቅ ዳር ያለው ሜዳ ለሬዲዮ ገር ነው። አዳማ ዙሪያውን ኮረብታ ስላለው ከከተማው ጀርባ ወዳለ ቀበሌ ቀጥታ መነጋገር ይከብዳል። አዋሽ በሶደሬ በኩል ወደ ገደል ሲገባ ደግሞ ገደሉ ውስጥ ያለ ፓምፕ ኦፕሬተር ሬዲዮው ምንም ያህል ውድ ቢሆን ከአፋፉ በላይ ያለውን ሰው በቀላሉ አያገኝም። እንዲህ ባለ ቦታ መፍትሔው አፋፉ ላይ መልእክት የሚያቀባብል ሦስተኛ ሰው ማስቀመጥ ወይም ሪፒተር ማቆም ነው። ሪፒተር በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን በሌላ ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ ነው፤ ለጀማሪ ማኅበር ግን ዋጋው፣ ጥበቃውና ፈቃዱ ስለሚከብድ በመጀመሪያው ዓመት አልመክረውም።

ረጅም ሞገድና አጭር ሞገድ፦ ቪኤችኤፍ እና ዩኤችኤፍ

የመጀመሪያው ማኅበር ሬዲዮዎች ያልተነጋገሩት በዚህ ምክንያት ነበር። ሁለቱ ቪኤችኤፍ፣ አራቱ ዩኤችኤፍ ነበሩ። ቪኤችኤፍ የሚባለው ለእጅ ሬዲዮ በአብዛኛው ከ136 እስከ 174 ሜጋ ኸርዝ ያለው ነው፤ ዩኤችኤፍ ደግሞ ከ400 ሜጋ ኸርዝ በላይ ያለው። የአንዱ ቋንቋ ለሌላው አይሰማም። በየሱቁ የሚታየው ባኦፌንግ ዩቪ-5አር ሁለቱንም ይይዛል፤ ከዚያው ኩባንያ የሆነው ባለ 16 ቻናሉ ቢኤፍ-888ኤስ ግን ዩኤችኤፍ ብቻ ነው። ስማቸውን የጠቀስኩት ሰው ስለሚጠይቀኝ እንጂ ግዙ ለማለት አይደለም፤ ፈቃዱ ከላይ በተባለው መንገድ ይጣራ።

ለገጠር፣ ለሰብልና ለዛፍ ቪኤችኤፍ ይመረጣል፤ ረዘም ያለው ሞገድ ቅጠልንና ትንሽ ጉብታን ይበልጥ ይቋቋማል። ዩኤችኤፍ በግድግዳና በብረት መካከል ስለሚሾልክ ለመጋዘን፣ ለፋብሪካና ለከተማ ይሻላል። የአንቴናው ርዝመትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ155 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ሩብ ሞገድ አንቴና 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ450 ሜጋ ኸርዝ 16 ሳንቲ ሜትር ብቻ። የቪኤችኤፍ የእጅ ሬዲዮ አጭር ጎማ አንቴና ሲኖረው አምራቹ ሽቦውን በውስጡ ጠምዝዞ አሳጥሮታል ማለት ነው፤ ለመያዝ ይመቻል፤ ብርታቱ ግን ይቀንሳል። በመጨረሻ ግን የትኛውን እንደምትጠቀሙ የሚወስነው ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ፍሪኩዌንሲ ነው። ዕቃው ከፈቃዱ በፊት መገዛት የሌለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የእጅ ሬዲዮ ሲመረጥ

ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። አንድ ዓይነት ሲሆን ባትሪው፣ ቻርጀሩና አንቴናው ይቀያየራል፤ አንዱ ሲበላሽ ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ሦስት የተለያዩ «ምርጥ» ሬዲዮዎች ካሉት ማኅበር ይልቅ ስድስት አንድ ዓይነት መካከለኛ ሬዲዮዎች ያሉት ማኅበር የተሻለ ይሠራል።

ለጠባቂ የሚሰጠው ሬዲዮ የቁጥር ሰሌዳ የሌለው፣ ከላይ የድምፅና የቻናል ማዞሪያ ብቻ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ቁጥር ያለው ሬዲዮ በጨለማ ሲነካካ ከተፈቀደው ፍሪኩዌንሲ ይወጣል፤ ያኔ ማኅበሩ ሳያውቅ በሌላ ሰው ሞገድ ላይ ይናገራል። ሞገዱን አንድ ቴክኒሻን በኮምፒዩተር ይሙላው፤ የተፈቀደውን ብቻ ይሙላ፤ ከዚያም ይቆልፈው።

ዲጂታል ወይስ አናሎግ? ዲጂታሉ ድምፁ የጠራ ነው፤ ነገር ግን ሞገዱ ሲደክም በድንገት ድርግም ይላል። አናሎጉ ሲደክም እየተንኮሻኮሸም ቢሆን «ዝጋ» የሚለውን ቃል ያደርሳል። ለቦይ ሥራ አናሎግ ይበቃል።

ስለ ባትሪ ትንሽ ልቆይ፤ በመስክ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ሻጭ «12 ሰዓት ይቆያል» ሲል ሒሳቡ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 እጁ ሲናገሩ፣ 5 እጁ ሲሰሙ፣ 90 እጁ ሬዲዮው ዝም ብሎ ሲጠብቅ ተብሎ የተሠራ ነው። ብዙ የሚያወራ ጠባቂ በግማሽ ሌሊት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ለአንድ ሬዲዮ ሁለት ባትሪ ይገዛ። ቻርጀሩ በ12 ቮልት ወይም በዩኤስቢ የሚሠራ ከሆነ በሶላር ወይም በትራክተር ባትሪ መሙላት ይቻላል፤ በ220 ቮልት ብቻ የሚሠራ ከሆነ መብራት የሌለበት ቀበሌ ምን ያደርገዋል? ሊትየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት መሞላት የለበትም። በመተሐራና በቦሰት ቆላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል እኩለ ቀን ላይ ከመሙላት ማታ መሙላት ባትሪውን ያቆየዋል።

አቧራና ውሃም አለ። ዕቃው ላይ «አይፒ 54» ከተጻፈ አቧራና ፍንጣቂ ውሃ ይችላል፤ «አይፒ 67» ከሆነ ቦይ ውስጥ ቢወድቅና ወዲያው ቢወጣ ይተርፋል። ምንም ካልተጻፈ በላስቲክ ይያዝ። አንቴናው ሳይታሰር የመናገሪያው ቁልፍ ፈጽሞ አይጫን፤ ኃይሉ የሚወጣበት ሲያጣ ተመልሶ የውስጡን ክፍል ያቃጥላል። ልጆች አንቴናውን ፈትተው ሲጫወቱ ስንት ሬዲዮ ሞተ!

የማዕከል ጣቢያ

ማኅበሩ ቢሮ ወይም የፓምፕ ቤት ካለው ከስድስቱ የእጅ ሬዲዮ አንዱን ቀንሶ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ የ25 ዋት የመኪና ዓይነት ሬዲዮ እዚያ ቢያቆም ጥሩ ነው። ሁለት ጠባቂዎች እርስ በርሳቸው ባይሰማሙ እንኳ ሁለቱም ማዕከሉን ይሰሙታል። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚጠፋው በኬብሉ ነው። አርጂ-58 የሚባለው ቀጭን ኬብል 30 ሜትር ቢዘረጋ በቪኤችኤፍ ከገባው ኃይል ሦስት አራተኛው በመንገድ ይቀራል፤ ከ25 ዋት አንቴናው ጋ የሚደርሰው 6 ዋት ያህል ነው። ወፈር ያለው አርጂ-213 ቢሆን ግማሽ ያህሉ ይደርሳል። ኬብሉ አጭርና ወፍራም ይሁን። ምሰሶው በመዳብ ሽቦ ወደ መሬት ይቀበር፤ ነጎድጓድ ሲጀምር ኬብሉ ከሬዲዮው ተነቅሎ ከቤት ውጭ ይደረግ። ከፍ ያለ ብረት በሜዳ መካከል የቆመ የመብረቅ ግብዣ ነው።

ሬዲዮን ለሚወዱ ወጣቶች፦ አማተር ሬዲዮ

በሥልጠናው ላይ ከአባቶቻቸው ጋር የሚመጡ፣ የተሰበረ ሬዲዮ የሚፈታቱ ልጆች አሉ። ለእነሱ የሚሆነው መንገድ ሌላ ነው፤ አማተር ሬዲዮ ይባላል። ይህ ለመማር፣ ለመሞከርና ከዓለም ጋር ለመነጋገር በፈቃድ የሚሠራ፣ ትርፍ የሌለበት ሥራ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ፣ አምስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ አለ፤ የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ነው። «ኢቲ» የሚለው በዓለም አቀፍ ድልድል ለኢትዮጵያ የተሰጠ መነሻ ነው፤ በየትኛውም አገር ያለ አማተር ያንን ሲሰማ ከየት እንደሆነ ያውቃል።

የአማተር ፈቃድ ለማኅበሩ ሥራ አይውልም። በአማተር ሞገድ ስለ ፓምፕ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ወይም ስለ ቢሮ ሥራ መነጋገር አይፈቀድም፤ ንግግርን በምስጢር ኮድ መሸፈንም አይፈቀድም። ጥቅሙ በሌላ በኩል ነው። በፈረንጆች 2004 ማብቂያ ላይ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ የአንዳማን ደሴቶችን ሲመታ፣ በአጋጣሚ እዚያ የነበሩ የሕንድ አማተሮች የተቋረጠውን ግንኙነት በራሳቸው መሣሪያ ቀጥለዋል። ሬዲዮን በትርፍ ጊዜው የተማረ ሰው ያለበት አካባቢ በክፉ ቀን ይጠቀማል።

ለጀማሪ ወጣት የምመክረው መጀመሪያ እንዲያዳምጥ ነው። አጭር ሞገድ የሚይዝ መቀበያ ሲገዛ «ኤስኤስቢ» የሚል እንዳለው ይመልከት፤ አማተሮች በ7 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የሚነጋገሩት በአብዛኛው በዚህ ስልት ስለሆነ ያለእሱ የዳክዬ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጥቂት ሜትር ሽቦ ከዛፍ ወደ ዛፍ ዘርግቶ ማታ ማታ ማዳመጥ ስለ ሞገድ ብዙ ያስተምራል። ማስተላለፊያ መግዛት የሚመጣው ከክለቡ ጋር ተዋውቆ፣ ተምሮ፣ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ነው።

አነጋገር

ቁልፉ ተጭኖ አንድ ሰከንድ ከተጠበቀ በኋላ ይነገር፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። «በሩን አትክፈት» ተብሎ «ክፈት» ብቻ ቢሰማ ምን እንደሚሆን አስቡ። ስለዚህ ትእዛዙ አንድ ቃል ይሁን፤ «ዝጋ»፣ «ክፈት»፣ «ና»። በአፋን ኦሮሞ የምትነጋገሩ «ጩፊ» ብላችሁ ተስማሙ፤ ሁለቱን ቋንቋ የሚቀላቅል ቡድን የትኛው ቃል ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይወስን። የሰማው ሰው ቃሉን መልሶ ይድገም፤ «ዝጋ፣ ሰማሁ»። ጥሪው በሰው ስም ሳይሆን በቦታ ስም ቢሆን ጠባቂ ሲቀየር ግራ አያጋባም፤ «በር አንድ»፣ «ፓምፕ ቤት»፣ «ጠርዝ»።

ሬዲዮዎች ላይ «የምስጢር ኮድ» ተብሎ የሚሸጠው ቶን የእናንተን ጆሮ ከሌላው ጫጫታ ይከልላል እንጂ የእናንተን ንግግር ከሌላ ጆሮ አይከልልም። በአካባቢው ያለ ማንኛውም ሰው ሊሰማ ይችላል። «የሽንኩርቱን ገንዘብ ይዤ በኋላው መንገድ እየመጣሁ ነው» በሬዲዮ አይነገርም።

ከላይ የጠቀስኩት ማኅበር አሁን ማመልከቻውን በማኅበሩ ስም አዘጋጅቷል። ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ በሩ ጋ ለሚያድረው ጠባቂ ባትሪው የሚቆይ ስልክ ተገዝቶለታል፤ የጠባቂዎቹን ስልክ ሁሉ ማታ 12 ሰዓት ላይ ደውሎ የሚያረጋግጥ አንድ ሰው ተመድቧል፤ በቦዩ አጋማሽ ላይም ከአሮጌ የመኪና ቸርኬ የተሠራ ደወል ተሰቅሏል። ባለፈው በጋ አንድ ጊዜ ተደውሏል፤ በሩ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተዘጋ።

በሚቀጥለው የመስክ ቀን በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከሉ ስንገናኝ እያንዳንዱ ኮሚቴ የቦዩን ንድፍ በአንድ ወረቀት ሥሎ ይምጣ። በሮቹ፣ ፓምፖቹ፣ ጠባቂዎቹ የሚያድሩባቸው ቦታዎች፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትና የሚጋርድ ጉብታ ወይም ገደል ይታይበት። ኔትወርክ የማይይዝባቸውን ቦታዎች ስልካችሁን ይዛችሁ በእግር ሄዳችሁ አረጋግጡና በቀይ ምልክት አድርጉባቸው። ስንት ሬዲዮ እንደሚያስፈልግ፣ አንቴናው የት እንደሚቆም የምንነጋገረው ያንን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ነው።